የክርስትና ጥሪ ቪዲዮ በቤት ውስጥ፦ ካፕካትና ካንቫ በአማርኛ ሥራ ሲመዘኑ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የሠርግ፣ የምርቃትና የክርስትና ጥሪ ከወረቀት ካርድ ወደ ስልክ እየተሸጋገረ መጥቷል። በቴሌግራምና በዋትስአፕ የሚደርሱን የጥሪ ቪዲዮዎች ግን አብዛኞቹ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው፤ ወርቃማ ክፈፍ፣ ከላይ የሚረግፍ ጽጌረዳ፣ ከታች ደግሞ ስሙና ቀኑ ብቻ የተቀያየረ ጽሑፍ። የወንድሜ ሴት ልጅ ክርስትና በምትነሳበት ጊዜ የጥሪውን ቪዲዮ የማዘጋጀቱ ሥራ በመጨረሻ በእኔ ላይ ስለወደቀ፣ በሰፊው የሚታወቁትን ሁለት መተግበሪያዎች፣ ካፕካትንና ካንቫን፣ ለዚሁ ተጠቅሜባቸዋለሁ። ይህ ግምገማ የሚመዝናቸው በአጠቃላይ ችሎታቸው ሳይሆን፣ በአማርኛ የተጻፈ፣ አያት ያለ ችግር የሚያነቡት፣ ባሕር ማዶ ያለ ዘመድም የማይሳሳትበት የጥሪ ቪዲዮ ለማዘጋጀት ምን ያህል እንደሚበጁ ነው። በዚህ መለኪያ ካፕካት የተሻለ መሣሪያ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ይህ የሚሆነው ግን ያለቀላቸውን ቴምፕሌቶች ትቶ ከባዶ ፕሮጀክት ለሚነሳ ሰው ነው።

ክርስትና ከሌሎች ድግሶች የሚለየው ቀኑ በቤተሰቡ ምርጫ ብቻ የማይወሰን በመሆኑ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ ልጅ በተወለደ በ40ኛው፣ ሴት ልጅ በተወለደች በ80ኛው ቀን ይጠመቃሉ። ወራቶቻችን ከጳጉሜን በቀር ሁሉም 30 ቀን ስለሆኑ ቆጠራው ቀላል ነው፤ ለምሳሌ ጥቅምት 28 ቀን 2018 ዓ.ም. የተወለደች ሕፃን፣ የተወለደችበት ዕለት ተቆጥሮ፣ 80ኛ ቀኗ እሑድ ጥር 17 ቀን ላይ ይውላል። ቀኑ ገና ከልደቱ ጀምሮ መታወቁ ለጥሪ አዘጋጅ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቤቱ የአራስ ቤት በመሆኑ ሥራው የሚሠራው በተቆራረጠ ጊዜ፣ ሕፃኗ ስትተኛና ጠያቂ ሲቀንስ ነው። ስለዚህ መተግበሪያው ሥራውን በመሀል አቋርጦ በሌላ ቀን ካቆሙበት ለመቀጠል የሚያስችል መሆን አለበት። ሁለቱም ይህን ያሟላሉ፤ ካፕካት ፕሮጀክቱን በስልኩ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ካንቫ ደግሞ በኢንተርኔት በከፈቱት አካውንት ላይ ይይዘዋል።

ወደ ቤት ሥራው የገባነው በፍላጎት ብቻ አልነበረም። በመጀመሪያ ሥራውን ለአንድ ስቱዲዮ ሰጥተን ነበር። ስቱዲዮው ያስረከበን ቪዲዮ በቀለም አጨራረሱ ጥሩ ቢሆንም፣ የቤተ ክርስቲያኑን ስም ያለ ሰፈሩ ጽፎ «በመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን» ብቻ አለ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ በዚህ ስም የሚጠሩ አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ናቸው። የልጂቱ እናት ስም ውስጥም አንድ ፊደል ተሳስቶ ነበር። ለእርማቱ ሌላ ክፍያና ሌላ ቀጠሮ መጠየቃችን አሳዝኖኛል፤ የሰው ስም በትክክል መጻፍ የሥራው መነሻ እንጂ ተጨማሪ አገልግሎት ሊሆን አይገባም።

ካንቫ እ.ኤ.አ. በ2013 በአውስትራሊያ ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ በስልክም በኮምፒውተርም ይሠራል። የጥሪ ቪዲዮ ሲሠሩበት አካሄዱ እንደ ካርድ አዘጋጅ ነው፤ እያንዳንዱ ገጽ የራሱ የቆይታ ጊዜ ይሰጠዋል፣ ገጾቹ በተከታታይ ሲታዩ ቪዲዮ ይሆናሉ። ፎቶ፣ ጌጥና ጽሑፍ በጣት እየጎተቱ ቦታ ቦታቸውን ማስያዝ ስለሚቻል፣ ቪዲዮ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ለመጀመር የሚቀለው እርሱ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። አንድን ሥራ በሊንክ ለሌሎች ማጋራትና አብሮ ማረም ስለሚቻል፣ ሜሪላንድ ያለችው አክስት የጽሑፉን አገባብ ስታስተካክል፣ አዲስ አበባ ያለው አባት ደግሞ የአዳራሹን አድራሻ ሲያስገባ ሁለቱም አንድ ገጽ ላይ ናቸው። ቤተሰቡ በየአገሩ ለተበተነበት ድግስ ይህ ብዙ የስልክ ልውውጥ ያስቀራል።

የካንቫ ድካም የሚታየው በፊደል ላይ ነው። የጥሪ ቴምፕሌቶቹ ውበት በአብዛኛው የተመሠረተው በላቲን ፊደል የእጅ ጽሑፍ አምሳያ ላይ ሲሆን፣ እነዚያ ፎንቶች (የፊደል ቅርፆች) የግዕዝ ፊደል የላቸውም። «ሣራ» ብለው ሲጽፉ መተግበሪያው የመረጡትን ፎንት ትቶ ፊደሉ ያለበትን ሌላ ፎንት ይተካል፤ ለእንግሊዝኛ ስም ተለክቶ የተሠራው አቀማመጥም ይፈርሳል፣ መስመሩ ይሰበራል፣ ስሙ ከጌጡ ጋር ይጋጫል። የራስን ፎንት ማስገባት የሚቻለው ደግሞ እንደ ካንቫ ፕሮ ባለው የሚከፈልበት ክፍል ነው። ከጌጦቹ መካከል የዘውድ ምልክት ያለባቸውም ለከፋዮች የተለዩ በመሆናቸው፣ ሳያስተውሉ ከተጠቀሙባቸው ሲያወርዱ ዋተርማርክ (በላያቸው የሚታተም ምልክት) ይታይባቸዋል ወይም ክፍያ ይጠየቅባቸዋል። ስለዚህ ካንቫን የምመክረው የጽሑፉን ረቂቅ በጋራ ለማስተካከልና ቪዲዮውን ተከትሎ ለሚላክ ቋሚ ካርድ እንጂ ለዋናው ቪዲዮ አይደለም።

ካፕካት የቲክቶክ ባለቤት የሆነው የባይትዳንስ ምርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ቻይና ውስጥ ሥራ ጀምሮ በ2020 ለተቀረው ዓለም ቀርቧል። ስልክ ላይ ሲከፈት አዲስ ፕሮጀክት የሚለው ቁልፍ ከላይ ይታያል፤ ከጋለሪ የተመረጡት ቪዲዮዎች ከታች በአንድ የጊዜ መስመር ላይ ይደረደራሉ፣ ጽሑፍ፣ ድምፅና ተጨማሪ ምስል ደግሞ ከሥሩ በየራሳቸው መስመር ይገባሉ። ይህ አሠራር ለጥሪ ቪዲዮ የሚስማማው ሁሉም ነገር በሰከንድ ስለሚለካ ነው። የወላጆች ስም መቼ እንደሚታይ፣ ቀኑ ለስንት ሰከንድ እንደሚቆይ፣ ድምፁ የት ላይ ዝቅ እንደሚል በጣት ጫፍ ይወሰናል። ቀረጻን መቁረጥ፣ ማዘግየት፣ ማቅለምና አንዱን ምስል በሌላው ላይ መደረብ ሁሉም በነፃው ክፍል ይገኛሉ።

የእኛ ቪዲዮ የተሠራው ከሦስት ቀረጻዎች ነው፤ ዋናውም አያቷ ጥጥ ሲፈትሉ የተነሣው ነው። ለሕፃኗ የምትጠቀለልበትን ነጠላ ራሳቸው ሊያሠሩ ስለፈለጉ በዚያው ሰሞን እንዝርታቸውን ይዘው ነበር። ስልኩን በበርጩማ ላይ አስደግፌ፣ ከበሩ የሚገባው የጠዋት ብርሃን ከጎን እንዲያርፍባቸው አድርጌ፣ ከባዘቶው ላይ ክሩ እየተመዘዘ እንዝርቱ ሲሽከረከር በስሎው ሞሽን ቀረጽኩት። ፊታቸው አይታይም፤ የሚታዩት ጣቶቻቸውና ክሩ ናቸው። ይህ ቀረጻ ጽሑፍ የሚያርፍበት ሰፊ ጸጥ ያለ ቦታ ከላይ በመተዉ ለጥሪው ተስማሚ ሆኗል። ሁለተኛው የነጠላውን ጥለት ከቅርብ የሚያሳይ፣ ሦስተኛው የሕፃኗን እግሮች ብቻ የሚያሳይ ነው። ክርስትና ያልተነሳች ልጅን ፊት ለብዙ ሰው ማሳየት አያቷ ስላልወደዱ አክብረናል፤ እኔም ከዚህ ምርጫ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፣ ምክንያቱም የጥሪ ቪዲዮ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚተላለፍ በመጨረሻ ማን ዘንድ እንደሚደርስ ማወቅ አይቻልም።

አሁን ወደ ፊደሉ ልመለስ፤ የአማርኛ የጥሪ ቪዲዮ የሚሳካውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነውና። ካፕካትም ቢሆን በአብዛኞቹ ያጌጡ ፎንቶቹ ውስጥ የግዕዝ ፊደል ስለሌለ፣ ስልኩ ላይ ባለው መደበኛ ፎንት ይተካዋል። የተተካው ፎንት ለመልእክት የሚበቃ ቀጭን ፊደል ስለሆነ ሰው ሊያወፍረው ይሞክራል፤ ጥላ ይጨምርበታል፣ ዙሪያውን የሚያበራ ጌጥ ያለብሰዋል። በዚህ ጊዜ ፊደሎቻችን የሚለዩባቸው ጥቃቅን ምልክቶች ይደፈናሉ። «ተ» እና «ቸ»፣ «ሰ» እና «ሸ»፣ «ደ» እና «ጀ» የሚለያዩት ከላይ ባለ ትንሽ ጭረት ብቻ ነው፤ ይህ ጭረት በወርቃማ ብልጭታ ሥር ከጠፋ የሰው ስም ተለወጠ ማለት ነው። ነጭ ጽሑፍ በነጠላ ቀረጻ ላይ ማስቀመጥም እንዲሁ አይነበብም። ከጽሑፉ በስተጀርባ በከፊል ብርሃን የሚያሳልፍ ጠቆር ያለ መደብ አስገብቶ፣ የጽሑፉን ቀለም ደግሞ በቀለም መምረጫው ከጥለቱ ላይ መውሰድ ከማንኛውም ብልጭታ የበለጠ ያምራል።

ለፊደሉ ያገኘሁት አስተማማኝ መፍትሔ ጽሑፉን ከመተግበሪያው ውጪ አዘጋጅቶ እንደ ምስል ማስገባት ነው። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የተባለው ፎንት ከጎግል ፎንትስ፣ በብራና ጽሑፍ ወግ ላይ የተመሠረተው አቢሲኒካ ደግሞ ኤስአይኤል ከተባለው አዘጋጅ ድርጅት በነፃ ይወርዳሉ፤ ሁለቱም በክፍት ፈቃድ የቀረቡ ናቸው። ፎንቱን ኮምፒውተር ላይ ጭኖ፣ በፓወርፖይንት የጽሑፍ ሳጥን ውስጥ መስመሩን በትልቅ መጠን ጽፎ፣ ሳጥኑ ላይ በቀኝ ቁልፍ ተጭኖ እንደ ፒኤንጂ ምስል ማስቀመጥ ይቻላል። ምስሉ መደብ ስለሌለው ካፕካት ላይ በቪዲዮው ላይ ሲደረብ ፊደሉ ብቻ ይታያል። በኮምፒውተር የሚሠራው ካፕካት ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ የተጫኑትን ፎንቶች ራሱ ስለሚያነብ ይህ ድካም አያስፈልገውም፤ ኮምፒውተር ያለው ሰው በቀጥታ በዚያ ቢሠራ እመርጣለሁ።

ከአሮጌ ፋይል ጽሑፍ የሚቀዱ ሰዎች አንድ ነገር ልብ ሊሉ ይገባል። ከዩኒኮድ (ኮምፒውተርና ስልክ ፊደልን በአንድ ዓይነት ኮድ እንዲያነቡ ከሚያደርገው የጋራ ደረጃ) በፊት በነበሩት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች የተጻፈ የጥሪ ጽሑፍ ወደ ስልክ ሲገለበጥ የማይነበብ የላቲን ምልክት ክምር ይሆናል፤ የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም፣ በየቤቱ ያሉት የቆዩ ሰነዶች ብዙዎቹ በቀድሞው አጻጻፍ የተያዙ ናቸው። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ በጂቦርድ ወይም በሌላ የአማርኛ ኪቦርድ እንደ አዲስ መጻፍ ለማስተካከል ከመሞከር ይፈጥናል። በጎ ጎንም አለ፤ እያንዳንዱ ፊደላችን ከነአናባቢው አንድ ምልክት ሆኖ ስለተቀመጠ፣ ፊደል በፊደል እየታየ የሚሄደው የካፕካት የጽሑፍ እንቅስቃሴ በአማርኛ ላይ ያለ እንከን ይሠራል። በነፃው ክፍል ካሉት እንቅስቃሴዎች ለጥሪ የሚስማማው እርሱና ቀስ ብሎ ብቅ የሚለው ናቸው፤ የሚዘሉትንና የሚሽከረከሩትን አልመክርም።

በጽሑፉ ይዘት ላይ ከመተግበሪያ ምርጫ የማይተናነስ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሕፃኗ የክርስትና ስም የሚሰጠው በዕለቱ ስለሆነ ጥሪው ላይ አይገባም፤ የሚገባው ቤተሰቡ የሚጠራት ስም ነው። የጥምቀቱ ሥርዓት ማለዳ፣ የምሳ ግብዣው ደግሞ ቀን ላይ ስለሆነ ሁለቱ በተለያየ ገጽ መታየት አለባቸው፤ በአንድ ገጽ ከተደባለቁ ግማሹ እንግዳ ለምሳ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። እኛ የተጠቀምንበት አገላለጽ በወረቀት ካርድ የለመድነው ነው፤ «ልጃችን ክርስትና ስለምትነሳ፣ በዕለቱ ከቀኑ 6፡00 ሰዓት ጀምሮ በመኖሪያ ቤታችን ባዘጋጀነው የምሳ ግብዣ ላይ እንዲገኙልን በአክብሮት ጠርተንዎታል።» ይህ አጻጻፍ በቪዲዮም ክብሩን አላጣም፤ ይልቁንም በሁለት ገጽ ተከፍሎ ሲታይ አንባቢው ጊዜ አግኝቶ ይከታተለዋል። ለቆይታ ጊዜው መለኪያዬ ጽሑፉን ድምፅ አውጥቶ ሁለት ጊዜ ለማንበብ የሚበቃ መሆኑ ነው። ለወጣት ዘመዶች ቢያዘግምባቸውም፣ መነጽር የሚያደርጉ ሰዎች ያመሰግናሉ።

ሰዓትና ቀን ለውጭ አገር ዘመዶች ሌላ ጉዳይ ነው። «ከጠዋቱ 12፡00 ሰዓት» የሚለው እዚህ ላለ ሰው ግልጽ ነው፤ ልጅነቱን በዋሽንግተን አካባቢ ያሳለፈ የአክስት ልጅ ግን እኩለ ቀን ወይም እኩለ ሌሊት ሊመስለው ይችላል። ለእነርሱ የተለየ የመጨረሻ ገጽ ሠርተን፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሰዓቱንም በየአገራቸው አስቀምጠናል። ከላይ በምሳሌነት በጠቀስኩት ቀን ብንሄድ፣ እሑድ ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 2026 ሲሆን፣ የአዲስ አበባ ከጠዋቱ 12 ሰዓት በሪያድ ያው ጊዜ ነው፣ በቴል አቪቭ አንድ ሰዓት ወደኋላ ይቀራል፣ በዋሽንግተን ደግሞ ገና ቅዳሜ ምሽት በእነርሱ አቆጣጠር 10 ሰዓት ነው። ሥርዓቱን በስልክ በቀጥታ ለመከታተል የሚፈልግ ዘመድ ይህ ካልተነገረው እሑድ ጠዋት ተነሥቶ ያለቀ ነገር ይጠብቃል። ካፕካት ፕሮጀክቱን ማባዛት ስለሚያስችል፣ ለአገር ቤትና ለውጭ ሁለት ቅጂ ለማውጣት አዲስ ሥራ መጀመር አያስፈልግም።

በቤት ውስጥ የሚሠራ ቪዲዮ ከማንኛውም ስቱዲዮ የሚበልጥበት ክፍል ድምፁ ነው። ብዙ ሰው ታዋቂ ዘፈን ወይም መዝሙር ከሥር ያስገባል። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሙዚቃ ሥራ ባለቤቶችን መብት ይጠብቃል፤ ከዚህ ባሻገር ቪዲዮው ዩቲዩብ ወይም ቲክቶክ ላይ ሲጫን ድምፁ ሊዘጋ ወይም የመብት ጥያቄ ሊነሣበት ይችላል። በካፕካት ውስጥ ያለው የሙዚቃ ክምችት ሰፊ ቢሆንም ለክርስትና ጥሪ የሚስማማ ድምፅ አላገኘሁበትም፣ አብዛኛው ለሌላ ዓይነት ስሜት የተሠራ ነው። እኛ የተጠቀምነው የአያቷን ድምፅ ነው። መስኮት ዘግተን፣ መጋረጃና ምንጣፍ ባለበት ክፍል፣ ስልኩን ከአፋቸው አንድ ስንዝር ያህል አርቀን አስቀመጥነው፤ የተጻፈ ነገር ሳይሰጣቸው በራሳቸው አነጋገር «የልጅ ልጄ ክርስትና ትነሳለችና መጥታችሁ መርቁልኝ፤ ጠላውም ተጠንስሷል» አሉ። በመጨረሻው ገጽ ላይ የቤቱ ሴቶች እልልታ ይከተላል። እልልታ በስልክ ሲቀረጽ በጣም ስለሚጮኽ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ስልኩን ከክፍሉ ውጪ በር ላይ አስቀምጦ መቅረጽና በካፕካት ላይ መጠኑን ቀንሶ ቀስ ብሎ እንዲነሣ ማድረግ ይህን ያስተካክለዋል።

ስለ ክፍያው። ካፕካት ፕሮ የሚል ምልክት ያለባቸውን መሣሪያዎች በነፃ እንዲሞክሩ ይፈቅዳል፣ ቪዲዮውን በሚያወጡበት ጊዜ ግን ካልከፈሉ አይለቅም። ከጊዜ ወደ ጊዜ በነፃ የነበሩ ነገሮች ወደ ክፍያው ክፍል ተዘዋውረዋል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ያንን ምልክት እያዩ መሥራት ይሻላል። ለጥሪ ቪዲዮ ከነፃው በላይ የሚያስፈልግ ነገር የለም ብዬ አምናለሁ። በመጨረሻ ላይ መተግበሪያው የራሱን አርማ የያዘ አጭር ቁራጭ በራሱ ይጨምራል፤ እርሱን መንካትና ማጥፋት ብቻ ይበቃል፣ ክፍያም አይጠይቅም። በጥሪ ላይ የሌላ ድርጅት አርማ ሲከተል ማየት ደስ ስለማይል ይህን ሳያደርጉ አያውጡ።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ካፕካት ከቲክቶክ ጋር በአንድ ሕግ ሥር ስለወደቀ፣ በ2017 ዓ.ም. በጥምቀት ዕለት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2025፣ በዚያ አገር አገልግሎቱ ተቋርጦ ነበር፤ በኋላም ተመልሷል። ከዚህ የምወስደው ተግባራዊ ነገር ቀረጻዎቹንና የድምፅ ፋይሎቹን ከመተግበሪያው ውጪም ማስቀመጥ እንደሚገባ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 የታደሰው የአገልግሎት ውሉም ተጠቃሚዎች በአገልግሎቱ ላይ ለሚያስቀምጡት ይዘት ለኩባንያው ሰፊ የመጠቀም ፈቃድ የሚሰጥ በመሆኑ ብዙ ተብሎበታል። የሕፃን ፊት ያለበትን ቀረጻ ወደ ኢንተርኔት ማስቀመጫው ባይሰቅሉት፣ በስልኩ ላይ ብቻ ቢያቆዩት እመክራለሁ።

ሲያወጡ የመጠን ምርጫ ይቀርባል። ለስልክ የሚስማማው ቀጥ ያለው 9፡16 ቅርፅ ነው። በ1080 ጥራት የወጣ የ40 ሰከንድ ቪዲዮ በሴኮንድ 8 ሜጋቢት ያህል ከተጠቀመ 40 ሜጋባይት ይሆናል፤ ለ200 ሰው ሲደርስ ደግሞ እንግዶቹ በድምሩ 8 ጊጋባይት የሚሆን ዳታ ከየኪሳቸው ያወጣሉ ማለት ነው። በ720 ሲወጣ ግን በሴኮንድ 3 ሜጋቢት አካባቢ ይበቃዋልና ወደ 15 ሜጋባይት ይወርዳል፣ በስልክ ስክሪን ላይም ልዩነቱ እምብዛም አይታይም። ካፕካት ከማውጣቱ በፊት የፋይሉን ግምታዊ ክብደት ስለሚያሳይ እያስተካከሉ መወሰን ይቻላል። እኔ ለአገር ቤት የሚላከውን በ720፣ ለውጭ የሚሄደውንና በድግሱ ዕለት በቴሌቪዥን የሚታየውን በ1080 አውጥቻለሁ።

ዋትስአፕ ቪዲዮን በተለመደው መንገድ ሲልኩት ራሱ ስለሚጨምቀው ጥቃቅን ፊደል ይደበዝዛል። እንደ ሰነድ አድርጎ መላክ ይህን ያስቀራል፤ በዚህ መንገድ እስከ 2 ጊጋባይት ያስተላልፋል። ቴሌግራምም እንደ ፋይል ሲላክ ሳይጨምቅ ያደርሳል፣ ልኩም እንዲሁ 2 ጊጋባይት ነው። ሰነድ ሆኖ የተላከ ቪዲዮ ግን ራሱ ስለማይከፈት፣ ለአረጋውያን ዘመዶች በተለመደው መንገድ መላክ ይሻላል፤ ለዚህም ነው ዋናውን ጽሑፍ በትልቁ መጻፍ የሚያስፈልገው። ከቪዲዮው ሥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሙሉ ስም ከነሰፈሩ፣ የቤቱን ምልክት ማለትም ከምን ፊት ለፊት ወይም ከምን ጀርባ እንደሆነ፣ እንዲሁም የካርታ ሊንኩን በተራ ጽሑፍ አብሮ መላክ ያስፈልጋል፤ እንግዳው በዕለቱ መንገድ ላይ ሆኖ ቪዲዮ ከፍቶ አይፈልግም፣ ሊንኩን ነክቶ ነው የሚመጣው። ስማርት ስልክ ለሌላቸውና በዕድሜ ለገፉት ግን አባትየው ራሱ እየደወለ፣ ቅርብ ላሉት ደግሞ ቤታቸው ድረስ እየሄደ ጠርቷቸዋል።